ሦስተኛዋ ሟች እኔ ነበርሁ

እኔ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በመንግሥት ሬዲዮ፣ በአማርኛው ዜና፣ ከጃንሆይ እንግዳ አቀባበል ቀጥሎ፣ ከቡና ዋጋ በፊት ተነግሮልኛል። "ይቅርታ፣ ልጅቷስ አለች" ብሎ ያስተካከለልኝ እስከ ዛሬ የለም። ልጆቼ ሲያሾፉብኝ "እማዬ፣ አንቺማ ድሮ ሞተሽ ጨርሰሽ፣ አሁን ማን ይነካሻል?" ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ልቅሶውንማ ጨርሼዋለሁ።

ዜና አንባቢ "በደረሰ የቤት ቃጠሎ ሕፃናት..." ብሎ ሲጀምር ግን ሳቄ ይቆማል። ሰው ሁሉ "ወይኔ፣ ምስኪኖች!" ብሎ ወደ ራቱ ሲመለስ፣ እኔ አንድ ጥያቄ ይዤ እቀራለሁ። ለመሆኑ ማን ቆጠራቸው? ቁጥሩን ለዚህ ሰውዬ የሰጠው ማን ነው? ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ ሴት፣ ከሬዲዮ ጋር ምን አጣላሽ?" ይለኝ ነበር። ጠቡ ረዥም ስለሆነ አንድም ቀን ጨርሼ አልነገርሁትም።

ቤታችን ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። እናቴ ቢላ የምትባል የገጠር ከተማ ልጅ ናት። ከገጠር ገበያ ቅቤና ማር እየገዛች ነቀምት ትሸጣለች። አባቴ ከጎጃም የመጣ ሰው ነበር፤ ለሥራ አንገር ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰና ከመደቡ ሳይነሣ ሞተ። እናቴ ስትጸልይም ስትነግድም በኦሮምኛ ነው፤ እኛን ስትቆጣ ግን የእሱን አማርኛ ታመጣለች። "ለቁጣ እንደ አማርኛ የለም" ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ትልቋ እኔ ነኝ። ከእኔ በታች ሁለት ወንዶች ነበሩ። ትልቁ የለየለት ውሸታም ነበር፤ ጅብ በቅሎ ጋልቦ ሲያልፍ አየሁ ብሎ በአባታችን ስም የሚምል። ድምፁ ቀጭን ስለነበረ እንደ ሴት ልጅ "ኢንታላ" እያልሁ ስጠራው ድንጋይ ያነሣብኛል። ትንሹ ገና ኮልታፋ ነው፤ የቀሚሴን ጫፍ ጨብጦ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። አንዳንድ ሌሊት ቀሚሴን አውልቄ ሰጥቼው ነጠላ ለብሼ አድራለሁ። እወዳቸው ነበር፤ አናድዳቸውም ነበር።

በሰፈራችን ልጅ አይቆጠርም። የወንጌል አማኙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ የአገሩ ተወላጅም፣ ከሸዋ የመጣውም በዚህ ነገር አንድ ነበሩ። የቆጠሩት ይጎድላል ይባላል። እናቴን "ስንት ልጅ አለሽ?" ቢሏት "ዋቃዮ የሰጠኝን ያህል" ትልና ወሬ ትለውጣለች። አንድ ጊዜ ክትባት የሚሰጡ ሰዎች መጥተው፣ አንዱ በጣቱ እየጠቆመ "አንድ፣ ሁለት" ማለት ሲጀምር ነጠላዋን በላያችን ጣል አድርጋ "ምነው፣ ዶሮ መሰሉህ?" አለችው። ሰውየው አፍሮ ጣቱን ኪሱ ከተተ።

በዚያ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ፣ ጊዳ አያና የምትኖረው የአባቴ እኅት ወለደች። ውኃ የሚቀዳላት፣ ሕፃኑን የሚያባብልላት አጥታ ላከችብን። እናቴ በቆሎ ሊጭን በሚወርድ መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀመጠችኝና "ለሚቀጥለው ገበያ በዚሁ መኪና ትመለሻለሽ፤ ብትቀሪ ወዮልሽ!" አለችኝ። ቀኑ ሲደርስ ግን አክስቴ አልለቀቀችኝም። "አራስ ጥለሽ ልትሄጂ? ነውር አይደለም እንዴ?" አለች። መኪናው እኔን ሳይዝ ተመለሰ። እናቴ ይህን አላወቀችም፤ እሷ ያን ቀን ቢላ ገበያ ሄዳ ከዘመዶቿ ዘንድ ሁለት ሌሊት አድራ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነቀምት የሆነውን፣ ቆይቶ ነው ሰዎች ቆንጥረው ቆንጥረው የነገሩኝ።

እናቴ ወንዶቹን የተወችው ግድግዳ ለምትጋራን ጎረቤታችን ነው። ጎረቤታችን ጠዋት ምንጭ ስትወርድ፣ ልጆቹ መንገድ እንዳይወጡ ቤታችንን ከውጭ ቆለፈችባቸው። ያኔ የማይቆልፍ እናት አልነበረም፤ መቆለፍ መጠበቅ ነበር። የጥር ነፋስ ነው፤ ምድጃው ውስጥ የተዳፈነ እሳት አለ፤ ሣሩ ደረቅ ነው። እንስራዋን ሳትሞላ ጭሱን አየችና ጥላው ሮጠች። ስትደርስ ጣራው ገብቷል። ሰፈሩ ኡኡ ብሎ ወጣ፤ ውኃ ግን ታች ምንጭ ነው ያለው።

ታዲያ ይህች ጎረቤታችን ማለች። "የትልቋን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ 'ሀርሜ! ሀርሜ!' እያለች እናቷን ስትጣራ ሰምቻለሁ" አለች። ያ መኪና ዋዜማውን ከአያና ተመልሶ ገብቶ ነበር፤ በጭነቱ ላይ ማን ተሳፍሮ እንደመጣ ሹፌሩም ልብ አላለም። እንግዲያው ልጅቷ መጥታ ነበር ማለት ነው ተባለ። አንዱ ደግሞ ትናንት ሲመሽ በር ላይ ቆማ አይቻታለሁ አለ። ይህን ያለውን ሰው እስክሞት አልረሳውም፤ ምን እንዳየ ግን አላውቅም። ጎረቤታችንም ቃሏን ሳትለውጥ ነው የሞተችው። ስንት ዓመት አልፎ፣ ፊቷ ቁጭ ብዬ ጎመን እየቀነጠስሁላት "ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ እኮ" ትለኛለች። "የወንድሜ ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነበር" ስላት "እኔ ያንቺን አጣለሁ?" ትላለች። ጎመኑን መቀንጠሴን እቀጥላለሁ።

ሽማግሌዎች ገብተው ያገኙትን በአንድ ጨርቅ ጠቅልለው በአንድ ጉድጓድ ቀበሩ። ስንት ነበሩ ብሎ የጠየቀ የለም፣ የተናገረም የለም። ሕያው ልጅ የማይቆጠርበት አገር የሞተውን ማን ይቆጥራል?

ከሰዓት በኋላ ለሬዲዮ ወሬ የሚልክ፣ ከረባት ያሰረ ሰው መጣ። "ስንት ሕፃናት ሞቱ?" አለ። ሰው መሬት መሬት አየ። ደገመና ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ይህ ይጠየቃል?" አሉት። ሰውየው ቸኩሏል፤ ስልክ ቤቱ ሳይዘጋ መድረስ አለበት። "እሺ፣ ሴትዮዋ ስንት ልጆች ነበሯት?" ብሎ የአጥቢያውን ዳኛ ለብቻ ወስዶ ጠየቃቸው። እሳቸው እንኳ ቁጥር አልጠሩም፤ "ሴቷና ሁለቱ ወንዶች" አሉ። እሱም ያንን ይዞ ሄደ። አልፈርድበትም፤ ሥራው ነው። አይ፣ እፈርድበታለሁ! ስንት ነበሯት ብሎ ጠይቆ ይህን ያህል ሞቱ ብሎ የሚናገር ሰው ይፈረድበታል።

እናቴ በማግስቱ ከቢላ ስትገባ ያገኘችው አመዱን ነው። መቃብሩን አሳዩዋት። ከዚያ ጎረቤቷ የሰማችውን ነገረቻት፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሬዲዮው ሦስት አለ። እናቴ ምንም አልጠየቀችም። ብትጠይቅም የሚመልስላት አልነበረም።

አሁን ወደ አያና እንመለስ። በዚያው አመሻሽ አክስቴ ጨው ግዢ ብላ ልካኝ ነበር። ባለሱቁ በሰፈሩ ያለችውን አንዲት ሬዲዮ እንደ ሙሽራ ጥልፍ ጨርቅ አልብሶ መደርደሪያ ላይ ያኖራታል። ዜና ሲደርስ ጨርቁን ይገልጣል፤ ሰዎች ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፤ አማርኛ ለማይሰማው የሚሰማው ያወራለታል። ጃንሆይ እንግዳ ተቀበሉ፤ ግብር አበሉ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ሳይለወጥ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ "በወለጋ ጠቅላይ ግዛት በነቀምት ከተማ በድንገት በተነሣ የእሳት ቃጠሎ..." አለ።

"ነቀምት! ያንቺ አገር አይደል?" አለኝ ባለሱቁ፤ ፈገግ ብሎ ነበር።

ሬዲዮው የሰፈራችንን ስም ጠራ። የእናቴን ስም ከነአባቷ ጠራ። ሦስት ልጆቿ፣ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች፣ ሕይወታቸው አልፏል፤ የአደጋው ምክንያት በመጣራት ላይ ነው አለ። ከዚያ የቡና ዋጋ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። መጀመሪያ የሌላ ሰው ወሬ መስሎኝ አዘንሁ። ቀጥሎ "ይቺ እናቴ ናት" አልሁ። ቀጥሎ "ሴቷ እኔ ነኝ" አልሁ። ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። በጣም ሳቅሁ። ሬዲዮ ያህል ነገር፣ ጃንሆይ የሚናገሩበት፣ እንደ ወንድሜ ውሸታም ሆኖ ተገኘ!

ከእኔ በቀር የሳቀ አልነበረም። ደጃፉ ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ አሉ፤ መንገድ የለቀቁልኝ መሰለኝ። ባለሱቁ ጨዉን ጠቅልሎ ጨርሷል፤ ግን አላቀበለኝም። ሳንቲሜን ስዘረጋለት እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። "እዚያው፣ ሳንቃው ላይ አኑሪው" አለኝ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። አንዲት ሴት በኦሮምኛ ዝቅ ብላ "ኤኬራ" አለች። የሞተ ሰው መንፈስ ሲመላለስ እንዲያ ይሉታል። ጨዉን ይዤ ስሄድ ከኋላዬ አንድ ሰው እንኳ አልተራመደም።

በእኛ ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ለቀስተኛው በደንብ ተይዞ ነው የሚነገር። እኔ ግን መርዶዬን በጨው መግዣ ሰዓት ሰምቼ፣ ራሴው ለአክስቴ ተሸክሜላት ሄድሁ። "ሬዲዮው ሞታችኋል አለን" አልኋት፣ እየሳቅሁ። አክስቴ መጀመሪያ ሳቄን አየች፤ ከዚያ ባሏ ደጃፍ ደርሶ ኮፍያውን ሲያወልቅ አየች። እሱም ከመንገድ ሰምቶታል። "ውይ፣ እኔን ይድፋኝ!" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አራስ ናት፤ ጮኻ ማልቀስ አይገባትም፣ ወተቷ ይደርቃል ይባላል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የራሴን ሒሳብ ያወጣሁት። ልጅ ብሆንም ሒሳቡ ልክ ነበር። ሬዲዮው ሦስቱ ሞተዋል ብሏል። ከሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ይኸው ውኃ እቀዳለሁ። እንግዲያው ወሬው ከሥሩ ውሸት ነው፤ ወንድሞቼም አሉ። ይህን ለአክስቴ ነገርኋት፣ ለባሏ ነገርሁት፣ መንገድ ላገኘሁት ሁሉ ነገርሁ። ነፍሴ የተንጠለጠለችው በዚያ ሒሳብ ላይ ብቻ ነበር። አክስቴ "አዎ ልጄ" አትልም፣ "አይደለም"ም አትል። 

በማግስቱ የአራስ መጠየቂያ ይዘው ይመጡ የነበሩ ሴቶች በሩ ላይ ቀሩ። ገንፎውን ከውጭ ያቀብላሉ። "ሕፃን ባለበት ቤት ናት እኮ ያለችው" ይላሉ፤ እኔን ማለታቸው ነው። አንዲት አሮጊት ግን ደፈሩና ገቡ። ፊቴ ተቀምጠው በቅል ውኃ ሰጡኝና "ጠጪ" አሉኝ። ስጠጣ ጉሮሮዬን አተኩረው ያያሉ። ጨርሼ ቅሉን ስመልስላቸው ገልብጠው አዩት። "ጠጥታዋለች" አሉ ለአክስቴ፣ ግን የተደሰቱ አይመስሉም። አክስቴ በጎጃም ምላሷ "እንግዲያስ ከሞተች ጎሽ! ሞታም ውኃ ትቀዳልኛለች፤ ከእናንተ ሕያዋን አንዲት እንስራ ያመጣችልኝ የለች" ብላ አባረረቻቸው። ሳቅሁ፤ ልቤ ሞቀ።

ማታውን ሕፃኑ ሲያለቅስ እንደ ወትሮዬ ላነሣው እጄን ዘረጋሁ። አክስቴ ቀደመችኝ። ቀስ ብላ ነው፣ በፍቅር ነው፣ ግን ቀደመችኝ። "ተይው፣ ደክሞሻል" አለችኝ። እኔ አልደከመኝም ነበር። ከባለሱቁም፣ ከሴቶቹም፣ ከአሮጊቷም ይልቅ ያ አመመኝ። ጭለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ የገዛ እጄን ነካካሁ። "ምናልባትስ?" አልሁ። "ምናልባት የሞተ ሰው አያውቀው እንደሆንስ?" ከዚያ ደግሞ ሒሳቤን ከመጀመሪያው ጀምሬ ቆጠርሁ። የሞተ ሰው አይርበውም፤ እኔ ርቦኛል። እኔ ካለሁ እነሱ አሉ።

መኪናው ለገበያ ቀን ሲመጣ የአክስቴ ባል ሊያደርሰኝ ተነሣ። "ለወንድሞቼ ሸንኮራ ይቆረጥልኝ" አልሁ። አክስቴ ባሏን አየችው፤ እሱም ማጭዱን አንሥቶ ወጣ። የቆላ ሸንኮራ፣ ጣፋጩን፣ ቆርጦ በልጥ አሰረልኝ። ሹፌሩ ያው በፊት ያመጣኝ ነው። ሲያየኝ አማተበ። ጋቢናው ሙሉ ነው ብሎ ከኋላ፣ ከበቆሎው ጆንያ ላይ፣ ከሸራው ሥር አስቀመጠን። ጋቢናው ሙሉ አልነበረም።

መንገዱን ሙሉ ለፈለፍሁ። ትልቁን ወንድሜን 'ሬዲዮ ገደለህ' ስለው ምን እንደሚል፣ ሞቼ መንግሥተ ሰማያትን አይቼ መጣሁ ብሎ እንዴት እንደሚዋሽ፣ ትንሹ ቀሚሴን እንዴት እንደሚጎትት። የአክስቴ ባል ጥሩ ሰው ነበር። "እኔ ካለሁ እነሱም አሉ፤ አይደል?" ስለው ሸራውን ያስተካክላል። "አይደል?" ስለው "እግዜር ያውቃል፣ እኅቴ" አለኝ። እኅቴ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አንገር ወንዝን ስንሻገር ልቤ መድከም ጀመረ፤ እኔም ይበልጥ ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርሁ።

ነቀምት ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሹፌሩ ሳንጠይቀው እስከ ሰፈራችን ወሰደን። ከሩቅ ዳስ አየሁ፤ ከቢላ የመጡ ዘመዶቻችን ፀጉራቸውን ተላጭተው ተቀምጠዋል። የእኔንም ሐዘን ነው የተላጩት። ከዳሱ ኋላ ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ሰማይ ይታያል። ሙሾ የምታወርደው ሴት ከመኪናው ስወርድ አይታኝ ቃሏን ከመሃል ቆረጠች።  ሰው ለራሱ ልቅሶ ሲመጣ ምን ይባላል? 

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ የፈራች መሰለኝ፤ ቀጥሎ ፊቷ ላይ አንድ ነገር በራ። እንዲያ ሲበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼው አላውቅም። እየተደናቀፈች ተነሣች። እኔም ሮጥሁ። ታቅፈኛለች ብዬ እጄን ስዘረጋ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ መኪናው አየች። እኔም በጎኗ አሻግሬ ዳሱ ውስጥ እየፈለግሁ ነበር።

"ወንድሞችሽስ?" አለችኝ። "ከላይ ናቸው? አልወረዱም?"

"አንቺ ዘንድ አይደሉም እንዴ?" አልኋት።

አልሰማችኝም። እኔ ከአያና ጀምሬ የተሸከምሁትን ሒሳብ እሷ እኔን ባየችበት ቅጽበት አውጥታዋለች፤ ይቺ ካለች እነሱም አሉ። አልፋኝ ሄደች። መኪናው ላይ ወጣች፣ ያቺ ስንት ቀን እህል ያልቀመሰች ሴት። ሸራውን ገለጠች። ጆንያውን አንድ በአንድ እየገፋች፣ የእያንዳንዳቸውን ስም በየተራ እየጠራች፣ "ውጡ፣ ውጡ፣ አልቆጣችሁም" ትላለች በአማርኛ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከቢላ የመጡት ሴቶች አንዷም ልታስቆማት አልተነሣችም።

የመጨረሻው ጆንያ ሥር ያለው ባዶ ወለል ነበር። እሱን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ዞራ ከላይ ሆና አየችኝ፤ አሁን እኔን ነው ያየችው። እኔም አየኋት። ወንድሞቼ ለእኔ የሞቱት ያን ጊዜ ነው፤ ለእናቴ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም እኔ በሕይወት በመምጣቴ።